ዜሮ ብዬ የጻፍኳት ልጅ

በሕይወቴ እንደ አንድ ዜሮ ያስመሰገነኝ ነገር የለም። በሙሉ አዳራሽ ፊት አስጨብጭቦልኛል፣ የደረጃ ዕድገት አስገኝቶልኛል፣ ግድግዳዬ ላይ የምትሰቀል የምስክር ወረቀት አምጥቶልኛል። ወረቀቷን ካወረድኳት ቆይቷል። ምስማሩን ግን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ ቁርስ ስበላ ልክ ፊት ለፊቴ ነው የሚታየኝ።

ደብረ ታቦር ውስጥ አዋላጅ ነርሶችን አስተምር ነበር። እኔ ራሴ የጉና ተራራ ሥር ልጅ ነኝ፤ ያሳደገኝ ገብስና ድንች ነው፣ የቀጣኝም ውርጭ ነው። በዚያ አገር የተወለደ ሕፃን አንድም ትንፋሽ አጥቶ፣ አንድም በርዶት እንደሚሞት ከመጽሐፍ አልተማርኩትም። ስለዚህ ማስተማር ስጀምር የነበረው አሠራር አበሳጨኝ። ተማሪዎቹ የሕፃን አሻንጉሊት ደረቅ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው ደረጃዎቹን እንደ ዳዊት ይደግማሉ፣ ፈተናውን ያልፋሉ፤ ከዚያ እውነተኛው፣ እርጥቡና የሚያሟልጨው ልጅ እጃቸው ላይ ሲወድቅ ድርቅ ይላሉ።

እኔ ሌላ መንገድ አመጣሁ። በሐምሌ ጭጋግ አሻንጉሊቷን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ ተማሪውን በረንዳ ላይ አውጥቼ፣ እጁ ላይ አስቀምጥለታለሁ። «አድርቅ! ጠቅልል! አልተነፈሰችም፣ አየር ስጣት! አንድ ደቂቃ ነው ያለህ!» እያልኩ ጆሮው ሥር እጮሃለሁ። ጣቶቻቸው ደንዝዘው እስኪንቀጠቀጡ ድረስ አልለቃቸውም ነበር። ከኋላዬ «የአሻንጉሊቷ እናት» እያሉ እንደሚጠሩኝ አውቃለሁ። እንዳልሰማሁ እሆናለሁ እንጂ ደስ ይለኝ ነበር።

ከእነዚያ ተማሪዎች አንዷ የይፋግ ልጅ ነበረች። ሞቃት አገር አድጋ ስለመጣች ሦስት ሹራብ ደርባ ነበር ክፍል የምትገባው። እጇ ግን እንደሷ ያለ አላየሁም። አሻንጉሊቷን ስትጠቀልላት የምር ልጅ ያቀፈች ነው የምትመስለው። ተመርቃ ጉና ሥር ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ስትመደብ፣ ቢሮዬ መጥታ አለቀሰች። እኔም ሳቅሁባትና «አንቺን ብርዱ አይገድልሽም፤ ሕፃናቱን እንዳይገድላቸው ብቻ ጠብቂልኝ» አልኳት። ቀልዴን መሆኑ ነው።

ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ጥናት ጀመርኩ። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ በእኔ ዘዴ የተማሩት አዋላጆች በሚሠሩበት አካባቢ ጨቅላ ሕፃናት ይተርፋሉ ወይ? መጠይቁን ራሴ አዘጋጀሁት። አማካሪዬ አይተው «በዝቷል፣ ሁለት ገጽ አድርጊው» አሉኝ። የሚወጣ ጥያቄ ስፈልግ አንዱ ላይ ደረስኩ። «ክርስትና ሳይነሣ ያረፈ ሕፃን ነበር?» ይላል።

ይህን ጥያቄ ያለ ነገር አላስገባሁትም ነበር። በእኛ በኩል ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሣው፤ ስሟም ያኔ ይወጣል። ከዚያ በፊት የሞተ ሕፃን ለቅሶ አይጠራለትም። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አይቀበርም። ጎረቤት መጥቶ እናቲቱን «ማኅፀንሽን ይባርከው» ብሎ ይሄዳል፤ እሷም በሦስተኛው ቀን እንጨት ለቀማ ትወጣለች። ስንት ወለድሽ፣ ስንት ሞተብሽ ስትባል እሱን አትቆጥረውም። ይህን ከአዲስ አበባ የመጣ ተመራማሪ ቢስተው አይፈረድበትም። እኔ ግን የአገሩ ልጅ ነኝ፤ አውቃለሁ።

እያወቅሁ ሰረዝኩት። «የቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው ወይስ ሣር?» የሚለውን ትቼ እሱን ሰረዝኩ። ያን ጊዜ ለራሴ የነገርኩት ምክንያት «ሐዘንተኛ እናት ላለማስጨነቅ» የሚል ነበር። እውነቱ ግን ጥያቄው የሚያመጣውን መልስ ፈርቼ ነው። ዘዴዬ እንዲያምርልኝ ፈልጌ ነው።

ቤት ለቤት መዞሩን በጥር ጀመርኩ። ያቺ የይፋግ ልጅ በቅሎ ለምና አምጥታልኝ፣ እየመራች በየደጁ ታደርሰኛለች። የሚገመገመው የእሷ ሥራ ስለሆነ ግን በደንቡ ቤት ውስጥ አትገባም፤ ከአጥር ውጭ ቆማ ትጠብቀኛለች። አንድ ረፋድ ከወይራ በታች ካለ ቤት ገባሁ። ሃያ ዓመት የማይሞላት ሴት መደብ ላይ ተቀምጣለች፤ አማቷ ምድጃው አጠገብ ድንች ይቀቅላሉ። ጥያቄዬን ዘረገፍኩ። ዕድሜ፣ ትምህርት፣ ጣሪያ። ከዚያ «ባለፈው አንድ ዓመት የሞተብሽ ልጅ አለ?» አልኩ።

«የለም እትዬ። ልጅ አልሞተብኝም።»

ቀና ስል ቀሚሷን አየሁት። ደረቷ ላይ፣ ከግራም ከቀኝም፣ ርሷል። ውሃ አልፈሰሰበትም። ጡቷ ሞልቶ የሚፈስ ወተት ነበር፤ ቤቱ ውስጥ ግን የሚጠባ ሕፃን የለም። ሃያ ዓመት ያዋለድኩ ነኝ፤ ይህን ለማወቅ መጠይቅ አያስፈልገኝም። እሷም ማየቴን አየችና ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ሸፈነችው።

ዓይኔን ወደ መጠይቁ መለስኩ። አማቷ ከምድጃው ቀና አሉ። «ምነው ልጄ፣ ይህን ያህል መመርመር!» አሉኝ። «ክርስትና ያልተነሣ ምኑ ይቆጠራል? እግዜር የሰጠውን እግዜር ወሰደው። ይልቅ ትኩስ ድንች ቅመሽ።»

ከዚህ በላይ እንዴት ይነገር? በወተትም ተነገረኝ፣ በአፍም ተነገረኝ። እኔ ግን «የጥናት ደንብ ነው፣ የተጠየቀችው ሴት የመለሰችው ነው የሚጻፈው» ብዬ ከጥያቄው ፊት ዜሮ ጻፍኩ። ከዚያ ድንቹን በአዋዜ በላሁ፣ አመሰገንኩ፣ ወጣሁ። የይፋግ ልጅ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ስትጠብቀኝ ፊቴን አየችና በቅሎዋን ወደ ቀጣዩ ደጅ ሳበች። ከዚያ በኋላ ሌሎች ቤቶች ላይም እንዲህ ያለ ዝምታ ገጠመኝ። የመጀመሪያው ነው የሚከብደው፤ ቀጣዩን እጅ ይለምደዋል።

ውጤቱ የቀረበው ከተማ ውስጥ በአንድ አዳራሽ ነበር። ጉና ሥር ያለችው ጣቢያ አካባቢ አንድም የሕፃን ሞት እንዳልተመዘገበ ሳሳይ ሰው አጨበጨበ። ከጤና ጽሕፈት ቤት የመጡ አንድ ኃላፊ ተነሥተው «ይህች ጣቢያ ለሌሎች አርአያ ናት፣ አዋላጇም እዚህ አለች» ሲሉ ሁሉም ዞሮ የኋላውን ረድፍ አየ። እዚያ የተቀመጠችው የይፋግ ልጅ አንገቷን ደፍታ ጫማዋን ታይ ነበር። ዓይናፋርነት መሰለኝ። መሰለኝ ልበል እንጂ፣ እንዲመስለኝ ፈለግሁ።

ሻይና ዳቦ ሲቀርብ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ሲስተር፣ ከወይራው በታች ካለው ቤት ገብተው አልነበር?»

«ገብቻለሁ።»

«ምን አሉዎት?»

«የለም አሉኝ።»

«እሺ» አለችና ሻይ ሳትጠጣ ሄደች።

ከአንድ ወር ከጥቂት ቀናት በኋላ በገበያ ቀን ቢሮዬ መጣች። ጫማዋ ጭቃ ነው። የታጠፈ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና ቆመች። ሕፃን ሳይተነፍስ ሲወለድ አፍና አፍንጫው ላይ ተደፍቶ በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጥበት የጎማ ከረጢት አለ። የእሷ ጣቢያ ያለው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ከአንገቱ ተቀዷል። ሲጨመቅ አየሩ በጎን ይወጣል። ምትክ እንዲላክላት ለጤና ጽሕፈት ቤቱ ጽፋ የመጣላት መልስ ነው ይህ። «በአካባቢያችሁ በተካሄደው ጥናት የጨቅላ ሕፃናት ሞት ያልታየ በመሆኑ፣ ዕቃው በቅድሚያ ችግር ላለባቸው ጣቢያዎች የሚሰጥ መሆኑን እንገልጻለን» ይላል።

ደብዳቤውን ሁለቴ አነበብኩት። ከዚያ የተናገርኩትን ዛሬ ሳስታውስ ምላሴን ነክሼ መጣል ያምረኛል።

«እኔ የነገሩኝን ነው የጻፍኩት» አልኳት። «እናቶቹ አፋቸውን ካልከፈቱ እኔ ምን ላድርግ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚሉት ይሄን ነው። ልጅቱ አልተቆጣችም። ከቦርሳዋ አንድ የተማሪ ደብተር አውጥታ ከፈተችልኝ። የሞቱት ሕፃናት ስም የላቸውምና በስም አልጻፈቻቸውም። «ከወይራው በታች ያለው ቤት፣ ሴት፣ በሃያ ሦስተኛ ቀኗ። ወፍጮው ማዶ፣ ወንድ፣ በተወለደ በሰዓቱ። የዲያቆኑ ጎረቤት፣ ሴት፣ በስድሳ ቀኗ።» አንዱ ገጽ ሞልቶ ወደ ሁለተኛው ተሻግሯል። በስድሳ ቀኗ የሞተችው ላይ ዓይኔ ተተከለ። ወንድ ብትሆን ኖሮ በአርባ ቀኗ ስም ወጥቶላት፣ ተለቅሶላት፣ በእኔም መጠይቅ ትገባ ነበር።

«የወይራዋን እኔ ነኝ ያዋለድኳት» አለች። «ስትወለድ አልተነፈሰችም። ቀዳዳውን በአውራ ጣቴ ደፍኜ ጨመቅሁት። ቆይታ ተነፈሰች። ግን ጡት ለመሳብ አቅም አልነበራትም ሲስተር፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልነበራትም።»

ከጀርባዬ የመስተዋት ቁም ሳጥን አለ። ውስጡ አሻንጉሊቷ ተኝታለች፤ ጎኗ ላይ አዲስ የአየር መስጫ ከረጢት ከነማሸጊያው፣ ሌላም ለተማሪ መለማመጃ የተከፈተ አንድ አለ። ልጅቱ እያየችው ነበር።

«ሲስተር፣ የአሻንጉሊቷን ቢያውሱኝ?»

የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር። «ንብረት ነው፣ በስሜ ነው ያለው» አልኳት። «በደብዳቤ ይጠየቅና እናያለን።» ለደብዳቤዋ የመጣው መልስ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቶ ሳለ ነው ይህን ያልኳት። ደብተሯን ከተተች፣ «እሺ ሲስተር፣ ደህና ይሁኑ» አለች፣ ሄደች። ገበያው ሳይበተን የምትሳፈርበትን መኪና ለማግኘት ስትሮጥ በመስኮት አየኋት።

ለምን አልሰጠኋትም? ብሰጣት ጥናቴ ውሸት መሆኑን በእጄ መፈረሜ ነው። የደረጃ ዕድገቴ ወረቀት በዚያው ሰሞን በኮሚቴ እጅ ነበር። «ይጽደቅና አስተካክለዋለሁ፣ ትንሽ ነው የቀረው» እላለሁ። አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም፤ እኔም ቀስቃሽ መጥቶልኝ፣ ጭቃ ጫማ አድርጎ በሬ ላይ ቆሞ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ግንቦት አለፈ፣ ሰኔ አለፈ።

ክረምት ገባና አዲሶቹን ተማሪዎች በረንዳ ላይ አወጣኋቸው። ዝናቡ ይወርዳል፣ አሻንጉሊቷ ርሳለች፣ እኔም እንደ ልማዴ እጮሃለሁ። አንድ ቀልደኛ ተማሪ የመለማመጃውን ከረጢት ተቀብሎ በደንብ ጨመቀ። ሳይቀደድ፣ ሳያፈስ፣ የአሻንጉሊቷ ደረት ከፍ ዝቅ አለ። «ተነፈሰች ሲስተር! እንኳን ማርያም ማረችሽ በሉኝ!» ብሎ ሁሉንም አሳቀ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» በአገራችን ለወለደች እናት የሚባል ነው። ሳቃቸው ሳያባራ ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ስንት ጊዜ ነው ይህች ፕላስቲክ ትንፋሽ የተሰጣት? በዚያ ክረምት ብቻ ስንት ጊዜ?

ይህን ካሰብኩ በኋላ ወዲያው ተነሣሁ ብል ደስ ባለኝ። አልተነሣሁም። የዕድገቱ ደብዳቤ የመጣው በመስከረም ነው፤ የእርማት ደብዳቤዬን የጻፍኩት በማግሥቱ ነው። በፊት አይደለም፣ በማግሥቱ። ይህን ማንም እንዳያሳምርልኝ። ጥናቱ ላይ ክርስትና ያልተነሡ ሕፃናት አለመቆጠራቸውን፣ ጥያቄውን አውቄ ማውጣቴን፣ በዓይኔ አይቼ ዜሮ መጻፌን ዘርዝሬ ለጽሕፈት ቤቱም ለትምህርት ቤታችንም አስገባሁ። አለቃዬ ጠርተው «ምን ነካሽ? የተዘጋ ነገር ለምን ትከፍቻለሽ?» አሉኝ። ከረጢቶቹን በስሜ ፈርሜ ማውጣት እንደምፈልግ ብቻ ነገርኳቸው። ሁለቱንም አወጣኋቸው።

በጥቅምት ጉና ሥር ደረስኩ። ልጅቱ ሹራቦቿን እንደደረበች ነው። አሮጌውን ከረጢት አሳየችኝ፤ አንገቱን የመኪና ጎማ በሚለጠፍበት ሙጫ ደፍናው በክር ጠምጥማዋለች። አዲሱን ተቀብላ ፊቷ ላይ ደፍታ ጨመቀችው። አየሩ ጉንጯን ሲመታት ዓይኗን ጨፈነች። ቀጥሎ ደብተሩን እንድታሳየኝ ለመንኳት።

ደብረ ታቦር መጥታ ባዶ እጇን ከመለስኳት ቀን በኋላ የተጻፉ ሁለት መስመሮች ነበሩ። ሁለቱም ሕፃናት የሞቱት በተወለዱበት ቀን ነው።

«በቀዳዳው ምክንያት ነው?» አልኳት።

አሮጌውን ከረጢት አገላበጠች። «ነው አልልዎትም ሲስተር፣ አይደለም ማለትም አልችልም። ማርያምን፣ አላውቅም።»

እሷ እንዲህ ስትል ወይ ብትሰድበኝ፣ ወይ ብትምረኝ ብዬ ጠበቅሁ። ሁለቱንም አላደረገችም። ሥራ ነበረባት፤ ውጭ አንዲት ነፍሰ ጡር ተቀምጣ ትጠብቃለች።

በማግሥቱ ሁለት ገጹን መጠይቅ ይዤ ብቻዬን ከወይራው በታች ወዳለው ቤት ሄድኩ። የሰረዝኩትን ጥያቄ ጠርዙ ላይ በእጄ ጽፌበታለሁ። ሴትዮዋ ደጅ ላይ ገብስ ታበጥራለች። ሆዷ ገፍቷል፤ ስድስት ወይ ሰባት ወር ይሆናል። አማቷ ማርያም ማኅበር ሄደዋል። አወቀችኝ። ሰፌዱን አስቀምጣ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችኝ።

«ባለፈው ያልጠየቅሁሽ አንድ ጥያቄ አለ» አልኳት። «ክርስትና ሳይነሣ ያረፈ ሕፃን ነበረሽ?»

እጇ ላይ የቀረውን እብቅ በጣቷ ታራግፋለች።

«እትዬ፣ ያን ቀን ቢጠይቁኝ እነግርዎ ነበር እኮ» አለችኝ በለሆሳስ። «ደረቴን አይተውት ነበር።»

«አይቼው ነበር» አልኳት። «አይቼሽ ነው ዝም ያልኩት። በድዬሻለሁ።»

እሺም እንቢም አላለችም። ስለ ልጇ መናገር ጀመረች። ሃያ ሦስት ቀን መኖሯን፣ ፀጉሯ ድፍን ጥቁር እንደነበረ፣ የምትጠባው ጥቂት ጥቂት መሆኑን፣ ማታ ማታ ግን የእናቷን ጣት ይዛ እንደማትለቅ። ከዚያ ብቻዋን ስትሆን የምትጠራትን ስም ነገረችኝ። ባሏም አማቷም አያውቁትም። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ የእሷ ነው።

መጠይቄ ላይ ግን ጻፍኩት። ለሞተ ልጅ ስም የሚሆን ቦታ አላዘጋጀሁምና፣ ከጣሪያው ጥያቄ ጎን ባለው ባዶ ቦታ ላይ ነው የጻፍኩት። የሞተ ልጅ ቁጥር የሚጻፍበትን ክፍት ቦታም «አንድ» ብዬ ሞላሁ።

«ጻፉት?» አለችኝ።

«ጻፍኩት።»

ማንበብ አትችልም። ተጠጋችና «እስቲ የቱ ጋ ነው?» አለች። በጣቴ አሳየኋት። እብቅ የያዘ ጣቷን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና ስሙ ላይ አስቀመጠችው። እስክታነሣው ድረስ ወረቀቱን ይዤ ጠበቅሁ።